ዕድሜ ልክ የሚደመጥ የቤት ስፒከር፦ ታሪኩና አመራረጡ

ከቤት የሙዚቃ ዕቃዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው ስፒከር ነው። ማጫወቻው ከካሴት ወደ ሲዲ ከዛ ወደ ስልክ ሲቀያየር በደንብ የተሰራ ስፒከር ግን 30 እና 40 ዓመት ያገለግላል፣ ለዛም ነው አንዴ ተጠንቅቆ መምረጥ የሚያዋጣው።

አሁን በየቤቱ ያለው ዓይነት፣ ማግኔት ውስጥ ያለ የሽቦ ጥቅል ኮኑን (ከፊት የሚታየውን የሚንቀጠቀጥ ሽፋን) እየገፋ ድምፅ የሚያወጣው፣ መነሻው የአሜሪካውያኑ ኢንጂነሮች የቼስተር ራይስና የኤድዋርድ ኬሎግ የ1925 ስራ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ ናቸው)። 1954 ላይ አሜሪካዊው የስፒከር ሰሪ ኤድጋር ቪልቹር በታሸገ ትንሽ ሳጥን ወፍራም ቤዝ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ።

ከዛ በኋላ ያለው ዋናው ታሪክ የቢቢሲ ነው። በ1970ዎቹ የቢቢሲ ኢንጂነሮች ከስቱዲዮ ውጪ በሚያሰራጩበት መኪና ውስጥ ትልቅ ስፒከር አልገባ ሲላቸው ኤልኤስ 3/5ኤ የሚባለውን ትንሽ ስፒከር ሰሩ። ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ዉፈሩም (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው) ትዊተሩም (ቀጭኑን የሚያወጣው) ኬፍ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ስራ፣ ሳጥኑ ደሞ ከስስ ፕላይውድ ሆኖ ግድግዳው ከውስጥ ንዝረት በሚያፍን ነገር የተለበጠ፣ ትዊተሩ ዙሪያ ፌልት የሚባል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አለው። ቤዙ ወደ ታች ብዙ አይወርድም፣ የሰው ድምፅ ላይ ግን እስካሁን የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው። ሮጀርስ፣ ስፔንደር፣ ሃርቤዝና ሌሎችም ፋብሪካዎች ከቢቢሲ በተሰጠ ፈቃድ አምርተውታል። ስፔንደርን ያቋቋመው ስፔንሰር ሂዩዝ፣ ሃርቤዝን ያቋቋመው ዱድሊ ሃርዉድ፣ ሁለቱም ከዛው ከቢቢሲ የወጡ ናቸው። የዚሁ ስፒከር የቀድሞው ባለ 15 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ከኋለኛው ባለ 11 ኦም ይሻላል የሚሉ አሉ፣ አይ የሚሉም አሉ።

በካናዳው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል ሰዎችን ስፒከሩን ሳያሳይ እያስደመጠ ሲፈትሽ፣ አብዛኛው ሰው የመረጠው ፊት ለፊትም ወደ ጎንም ድምፁ የተስተካከለውን ነው።

ሲመረጥ መጀመሪያ ክፍሉ ይታያል። ትንሽ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ቤዙ ያጉረመርማል። ቀጥሎ ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው አምፕሊፋየር ነው፦ ኤልኤስ 3/5ኤ በተወሰነ ኃይል የሚያወጣው ድምፅ 83 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ ስለሆነ፣ በዛው ኃይል 89 ከሚያወጣ ስፒከር እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል፣ ይሄን ሳያዩ የሚገዙ ብዙ ናቸው። የኬብል ክርክር ማለቂያ የለውም፣ በቂ ውፍረት ካለው ግን ይበቃል።

ዕድሜውን የሚወስነው በአብዛኛው ኮኑን ዙሪያውን የያዘው ቀለበት ነው። ፎም ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ይበሰብሳል፣ በጣት ነካ ሲደረግ እየተፈረፈረ ይረግፋል፣ ጎማ ግን በጣም ይቆያል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ስፒከሩን ሳያበራ ኮኑን ግራና ቀኝ በጣቶቹ ይዞ እኩል ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይግፋው፣ የሚፋጭ ድምፅ ከተሰማ ጥቅሉ ማግኔቱን እየነካ ነው ማለት ነው። ፎሙ በባለሙያ ይቀየራል፣ ክሮስኦቨሩ (ድምፁን ለዉፈሩና ለትዊተሩ የሚከፋፍለው ክፍል) ላይ ያረጁ ካፓሲተሮች የሚባሉ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችም እንደዛው። ትዊተር ከተቃጠለና ፋብሪካው መለዋወጫ ካቆመ ግን ችግር ነው፣ ስለዚ የቆየ ሞዴሉን ክፍሎች አሁንም የሚሸጥ ፋብሪካ ይመረጣል። ዋይፋይና አምፕሊፋየር ውስጡ ያለው ስፒከር ምቹ ቢሆንም ሳጥኑና ዉፈሩ ደህና እያሉ ኤሌክትሮኒክሱ ቀድሞ ሊያረጅ፣ አፑም ሊቋረጥ ይችላል፣ ዕድሜ ልክ ለሚፈልግ ሰው በኬብል ከአምፕሊፋየር ጋር የሚገናኘው ይሻላል።