ኦክሳይድ ምንድን ነው? ሰልባትዮው ላይ ያለው ነጭ ጭጋግ

ኮምቦልቻ አንድ ላቫጆ ቆሜ ነበር። አንድ ረዳት የከባድ መኪናውን የነዳጅ ሰልባትዮ በአመድ ይፈትጋል። ከጅቡቲ ጭነው መግባታቸው ነው። «አብሽር፣ አሁን እንደ መስታወት ይሆናል» አለኝ። ውሃ ሲለቅበት እውነትም አበራ። ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ግራጫ ሆነ። ልጁ ዝም ብሎ ሲያየው አንጀቴን በላኝ።

ጉልበት አላነሰውም። ሊያስለቅቀው የታገለው ነገር ቆሻሻ አለመሆኑን የነገረው ስለሌለ ነው። ስሙ ኦክሳይድ ነው።

ኦክሳይድ ማለት ብረታ ብረት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነገር ነው። ቀዩ ዝገትም የብረት ኦክሳይድ ነው። ግን ዝገት እየተቀረፈ ይረግፋል፣ ከሥሩ ያለውም ተራውን ይዝጋል። ሰልባትዮው ግን አሉሚኒየም ነው፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደግሞ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ገና የተወለወለ አሉሚኒየም አየር እንደነካው ስስ ሽፋን ያወጣል። ውፍረቱ የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ ነው። ዓይን አያየውም፣ ውስጡን ግን የሚጠብቀው እሱ ነው። ጠንካራም ነው፤ ሩቢና ሰንፔር የሚባሉት የከበሩ ድንጋዮች የተሠሩት ከዚሁ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው።

ታዲያ ነጩ ጭጋግ ከየት መጣ? ስሱ ሽፋን ሲጎዳ ነው። እርጥበትና ጨው ሲደጋገሙበት ሽፋኑ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ብርሃን መመለሱን ይተዋል። የኛ መንገድ ደግሞ ሁለቱንም ያቀርባል። ታች የጅቡቲ የባሕር አየርና የአፍዴራ ጨው፣ ላይ የደሴ ጉም። ጨው ከሁሉ ይከፋል፤ መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጉዞ የተመለሰ መኪና ሳያድር በብዙ ውሃ ይለቅለቅ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ጎጂ በእጃችን የምናደርሰው ነው። ሽፋኑ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ዝቅ ሲል አሲድ፣ ከፍ ሲል እንደ አመድ ውሃ ያለ የአሲድ ተቃራኒ ነው) ከ4 በታች ወይም ከ9 በላይ የሆነ ነገር አይችልም። የአመድ ውሃ ከ10 ያልፋል። በረኪናም አይሆንም፣ የባትሪ አሲድም አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳማ ጭራሽ! አሉሚኒየሙ ላይ ሲፈላ የምታዩት አረፋ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ነው፣ ያውም የነዳጅ ሰልባትዮ ላይ። ቲማቲም የበሰለበት ድስት ውስጡ ፈካ ብሎ አይታችሁ ከሆነ፣ የቲማቲሙ አሲድ ሽፋኑን ስለበላው ነው። ለድስት ምንም አይደለም፣ ለተወለወለ ሰልባትዮ ግን ውበቱ ሄደ ማለት ነው።

የደበዘዘውን ለመመለስ መጀመሪያ በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። አሸዋ ከቀረ ራሳችሁ ትቧጭሩታላችሁ። ፀሐይ ያጋለው ላይ አትሥሩ፣ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። ከዚያ የአሉሚኒየም ማወልወያ ቅባት በጨርቅ ትንሽ ቀብታችሁ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ይዛችሁ እሹት። ጨርቁ ጥቁር ይሆናል። ብዙ ሰው «እዩት ቆሻሻውን» ይላል። ቆሻሻ አይደለም፣ የተፋቀው አሉሚኒየም ራሱ ነው። በወለወላችሁ ቁጥር ከመኪናው ትንሽ እየወሰዳችሁ ነው። ስለዚህ ማጠቡን አዘውትሩ፣ መወልወሉን ቆጥቡ።

ቸርኬ ላይ ደግሞ አስቀድማችሁ ድብቅ ጥግ ላይ ሞክሩ። ጨርቁ ካልጠቆረ ቸርኬው በቫርኒሽ ወይም በሌላ መከላከያ የተሸፈነ ነው፤ ተዉት፣ ሳሙና ይበቃዋል።

ሲያልቅ ጥቁሩ ቅባት ጭረት ውስጥ ይቀራል። አሮጌ ሾፌሮች የሚያደርጉትን እወደዋለሁ፤ ትንሽ የፉርኖ ዱቄት ነስንሰው በንጹሕ ጨርቅ ያሹታል። ዱቄቱ ቅባቱን ይመጥጣል። ከዚያ ሰም ይቀባል። ሰሙ ጨውንና ውሃን ለጊዜው ያርቃል።

ይህን ሁሉ ለረዳቱ ነገርኩት። አመዱን ደፋና «ማሰሪያው ሥር ያለውስ?» አለኝ። ጥሩ ጠየቀ። ሰልባትዮውን ያቀፈው ማሰሪያ ብረት ነው። ብረትና አሉሚኒየም በጨዋማ እርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ እየከፈለ ብረቱን ያድናል። በመሃላቸው ጎማ የሚገባው ለዚህ ነው። ጎንበስ ብለን በባትሪ መብራት አየነው። ጎማው በአንድ በኩል ተበልቷል። እዚያው ሥር ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ልጁ በጥፍሩ ነካ አደረገውና ሾፌሩን ሊጠራ ሮጠ።