ሱፐርቻርጀር ከቱርቦ በምን ይለያል?

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ አሽከርካሪ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ የመኪናው ጉልበት ይቀንሳል። አየር አፍኖ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ ቱርቦ የሚሽከረከረው በሚወጣው ጭስ ግፊት ሲሆን ሱፐርቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ በቺንጋ (በሚሽከረከር ቀበቶ) አማካይነት ከሞተሩ ዘንግ ጉልበት ይወስዳል።

ከሱፐርቻርጀር ሦስት ዓይነቶች ብዙዎችን የሚያደናግረው ሩትስ የተባለው ነው። በውስጡ የሚሽከረከሩት ሁለት ክፍሎች አየሩን በውስጣቸው አይጨምቁትም፤ ከግድግዳው ጋር እያስታከኩ ወደ ማስገቢያው ቱቦ ይገፉታል፣ አየሩም የሚታፈነው እዚያ ሲከማች ነው። በዚህም የተነሣ ከሌሎቹ ይበልጥ አየሩን ያሞቃል፣ ነገር ግን ሞተሩ በዝግታ ሲዞር እንኳ ጉልበት ስለሚሰጥ ለዳገት የሚመረጠው እርሱ ይመስለኛል። እንደ ብሎን የተጠማዘዙ ሁለት ዘንጎች ያሉት ዓይነት አየሩን እዚያው ውስጡ ይጨምቃል። ሦስተኛው፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ፋን አየሩን ወደ ዳር የሚወረውረው፣ ግፊቱ የሚበረታው ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው።