ኢንተርንሺፕ ምንድን ነው? ከደብዳቤው በፊት የሚታሰብ ነገር

አዳማ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ዘመድ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙት አትቀሩም፦ «ኢንተርን የሚቀበል መሥሪያ ቤት ታውቃላችሁ?»

ኢንተርንሺፕ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ በሙያው መስክ ካለ ድርጅት ገብቶ የሚሠራበት፣ ውጤት የሚያዝበት የትምህርት ጊዜ ነው። በኢንጂነሪንግ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛ ዓመት ላይ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይጽፋል፣ ድርጅቱ አንድ ባለሙያ ይመድባል፣ ተማሪው መጨረሻ ላይ ሪፖርት ያቀርባል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቹን ክፍልና ፋብሪካ እያፈራረቀ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። እኛ ጋ ቴክኒክና ሙያ ላይ የትብብር ሥልጠና የሚባለውም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ጣጣው አመራረጡ ላይ ነው። ብዙው ተማሪ ደብዳቤ ይዞ መዞር የሚጀምረው ሴሚስተሩ ደጅ ሲደርስ ነው። ያኔ አጎት ያለበት ቢሮ ይመረጣል፤ ፎቶ ኮፒ እያነሱ መክረም ይመጣል። ሪፖርቱ ደግሞ ካምናው ተማሪ ይገለበጣል (እንተዋወቃለን)።

እኔ የምመክረው ቦታውን ከመመረቂያ ፕሮጀክት ጋር አብሮ ማሰብን ነው። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ተማሪ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች በየቀኑ ያያል። በአዳማ 1 እና 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 136 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እስከ 1.5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ነፋሱ ሲበረታና ሲደክም ግን ኃይሉም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። የነገውን ኃይል ከዛሬው ነፋስ መገመት ይቻላል? ይህ አንድ ፕሮጀክት ነው። ጥያቄውን ይዞ የሄደ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የነፋስ ፍጥነትና የመነጨ ኃይል መዝገብ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል። ቢከለከል እንኳ ተርባይን ለምን እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም እየመዘገበ ሌላ ርዕስ ያወጣል። አምስተኛ ዓመት ላይ ሌላው ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተት እሱ ዳታ ይዞ ይቀመጣል።

ስለዚህ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲኒየሮችን ጠይቁ። የት እንደወጡ ብቻ ሳይሆን እዚያ ምን እንደነኩ፣ ማን እንዳሠራቸው። የዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮም ጎራ በሉ።

ክፍያ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። የትራንስፖርት የሚሰጡ አሉ፣ ምንም የማይሰጡም አሉ። ድርጅቱ ከከተማ ውጭ ከሆነ ሰርቪስ ላይ መሳፈር ይቻል እንደሆነ ደብዳቤውን በሰጣችሁበት ዕለት ጠይቁ፤ በየቀኑ ባጃጅ አይቻልም።