ሐኪም በመኪና፣ ስፔሻሊስት በስልክ፦ በዩክሬን ጦር ግንባር አቅራቢያ ሕክምና እንዴት ይደርሳል?

ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ሐኪም፣ ነርስና መድኃኒት ይዞ ታማሚው ያለበት ድረስ የሚሄድ መኪና ነው። ቴሌሜዲሲን ወይም የርቀት ሕክምና ደግሞ ሐኪሙና ታማሚው በአካል ሳይገናኙ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም በሚላክ ምስል የሚደረግ ምርመራና ምክር ነው። ሁለቱም በሰላም ጊዜ አሉ። በጦር ግንባር አቅራቢያ ግን ለብዙ ሰው የቀረው ሕክምና እነሱ ብቻ ናቸው። ዛሬ ይህ አሠራር በስፋት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ዩክሬን ናት።

ሩሲያ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሙሉ ወረራ ከከፈተች ወዲህ በዩክሬን ያለው የጦር ግንባር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከካርኪቭ ይነሳና በዶኔትስክና በዛፖሪዢያ አልፎ እስከ ኬርሶን ይወርዳል። በዚህ መስመር ዳር ያሉ መንደሮች ብዙዎቹ ግማሽ ባዶ ናቸው። ወጣቱና ልጅ ያለው ወጥቷል። የቀሩት በአብዛኛው አዛውንት ናቸው። ለምን እንደማይወጡ ሲጠየቁ መልሳቸው ለእኛም እንግዳ አይደለም። ቤቱ አለ፣ ላሟ አለች፣ የባል መቃብር አለ። ጡረታውም ከተማ ውስጥ ቤት ኪራይ አይከፍልም።

እነዚህ ሰዎች በጥይት ባይመቱም ይታመማሉ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካምና አስም ጦርነት መጣ ብለው አይጠፉም። እንዲያውም ይብሳሉ፤ እንቅልፍ የለም፣ ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ መድኃኒቱም ይቋረጣል። ክኒኑ አልቆበት አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው በጦርነቱ ሟቾች ቁጥር ውስጥ አይገባም። የተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ዋና ሥራ ቁስለኛ ማንሳት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቁስለኛ የሚያነሱት አምቡላንሶች ናቸው። የክሊኒኩ ሥራ ይህን ድምፅ የሌለውን ሞት መከላከል ነው።

ከጦርነቱ በፊት በዩክሬን ገጠር የመጀመሪያው በር «ፋፕ» የሚሉት ትንሽ ጣቢያ ነበር። የእኛን ጤና ኬላ ይመስላል። ፌልድሸር የሚባል መካከለኛ ባለሙያ ወይም አዋላጅ ትሠራበታለች። ከዚያ በላይ የቤተሰብ ሐኪም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 አገሪቱ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት የሚባል ተቋም አቁማ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የቤተሰብ ሐኪም መርጦ እንዲመዘገብ አደረገች። የሕክምና መዝገቡና የመድኃኒት ማዘዣውም ደረጃ በደረጃ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ይህ አሰልቺ የቢሮ ሥራ ሊመስል ይችላል። በኋላ የርቀት ሕክምናውን ያቆመው ግን ይኸው ነው። ክሊኒኩ ቢፈርስ መዝገቡ አልጠፋም። ወደ ሌላ ከተማ የተሰደደ ሐኪምም መንደር የቀረውን ታማሚውን ፋይል ከፍቶ ያያል።

መኪናው መንደር የሚገባበት ቀን አስቀድሞ ከአካባቢው አስተዳደርና ከጦሩ ጋር ይመከርበታል። ቀኑን ለብዙ ሰው ማስታወጅ አደጋ አለው። ስለዚህ መንደር የቀረች አንዲት ነርስ ወይም ፌልድሸር ቤት ለቤት ትናገራለች። ማን ወገቡን እንደሚያመው፣ ማን ክኒኑን ለጎረቤት እያካፈለ እንደሚውጥ የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ስለዚህ ሥራ ባነበብኩ ቁጥር የማደንቀው መኪናውን ሳይሆን እሷን ነው። እሷ ከሌለች ሐኪሙ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም።

ቡድኑ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም፣ ነርስና ሾፌር አለው። የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚጨምሩም አሉ። ምርመራው የሚካሄደው በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ውጭ መሰለፍ ያስመታልና። የደም ግፊት ይለካል፣ ስኳር ይታያል፣ የልብ ምት በኢሲጂ ይነሳል። በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ያላቸውም አሉ። በዚህ ሥራ ከተሰማሩት መካከል ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን፣ ቀይ መስቀልና የዩክሬንና የእስራኤል በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሙት ፍሪዳ ይገኙበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ደግሞ ለሴቶችና ለነፍሰ ጡሮች የሚሆኑ ተንቀሳቃሽ ቡድኖችን ይደግፋል።

ቴሌሜዲሲኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ጠቅላላ ሐኪሙ የልብ ምቱ ሥዕል ካላማረው ለልብ ስፔሻሊስት ይልካል። ስፔሻሊስቱ ኪየቭ ወይም ልቪቭ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቪዲዮ ፊት ለፊት መነጋገር ነው። ሁለተኛው ምስሉንና ውጤቱን ልኮ መልስ መጠበቅ ነው። ለካሜራ የሚያምረው የመጀመሪያው ነው፤ ለግንባር አካባቢ የሚሆነው ግን ሁለተኛው ይመስለኛል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራት ይጠፋል። አንድ የኢሲጂ ሥዕል ግን ትንሽ ፋይል ነው። ኔትወርክ ለአፍታ ብቅ ሲል ይሄዳል። የስልክ ማማዎች በተመቱባቸው ቦታዎች ስታርሊንክ የሳተላይት ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። መብራቱን ጄኔሬተርና ትልልቅ ባትሪዎች ይተካሉ።

በስልክ ብቻ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የመድኃኒት መጠን ማስተካከል፣ የቆዳ ቁስል በፎቶ ማየት፣ ከጭንቀት ጋር ለሚታገል ሰው የምክር አገልግሎት መስጠት ይቻላል። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚም ክኒኑን ሲውጥ በቪዲዮ እየቀረጸ ይልካል፤ በዚህ መንገድ በየቀኑ ጤና ጣቢያ መመላለስ ይቀርለታል። ዩክሬን መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስልክ ግን ሆድ አይዳስስም። ምጥ የያዛትን ሴትም አያዋልድም። ስፔሻሊስቱ «እዚህ ጋ ጫን በልና ያማት እንደሆነ ጠይቃት» ሲል የሚጫን እጅ ያስፈልጋል። ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው ጥቅማቸው የሚታየው። ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ስልኩን አስቀርቶ መኪናውን ብቻ፣ ወይም መኪናውን አስቀርቶ ስልኩን ብቻ የሚመርጥ አካል ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

ከምርመራው በኋላ ያለው መድኃኒት ሌላ ጣጣ ነው። በዩክሬን ሐኪሙ ማዘዣውን በኮምፒውተር ይጽፋል፣ ለታማሚው ኮድ በስልኩ ይደርሰዋል፣ ያንን ለፋርማሲ ያሳያል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የአስም መድኃኒቶችን ወጪ በሙሉ ወይም በከፊል መንግሥት የሚሸፍንበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ችግሩ መንደሩ ውስጥ ፋርማሲው ተዘግቷል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ፋርማሲዎች መጡ። ኡክርፖሽታ የሚባለው የፖስታ ድርጅትም ጡረታ በሚያደርስበት መኪና መድኃኒት ማድረስ ጀመረ። አንዲት አሮጊት ጡረታዋንና የግፊት ክኒኗን ከአንድ መኪና ትወስዳለች ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብልህ ሥራ የምለው ይህንን ነው። አዲስ ነገር አልፈጠሩም፤ ድሮም ወደ መንደሩ የሚሄደውን መኪና ተጠቀሙበት።

አሁን ወደ አደጋው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሜይ 2023 መጨረሻ ድረስ ብቻ በዩክሬን ጤና ተቋማት፣ አምቡላንሶችና ባለሙያዎች ላይ የተፈጸሙ ከ1,000 በላይ ጥቃቶችን አረጋግጧል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እያደገ ሄዷል። ጁላይ 8 ቀን 2024 በኪየቭ ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ኦክማትዲት ተመታ። ለተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ግን ዋናው ሥጋት ትንሹ ድሮን ነው። ኬርሶን ውስጥ ድሮኖች መኪና እየመረጡ ያሳድዳሉ። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በሜይ 2025 በዚያ አካባቢ ሲቪሎችን እያሳደዱ መግደል በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ደምድሟል። አምቡላንሶችም ዒላማ መሆናቸውን ገልጿል። ሾፌሮች ድሮን ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያ ይዘው ይነዳሉ። አንዳንድ መንገዶች ከላይ በመረብ ተሸፍነዋል። በቀጭን የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ የሚመራው ድሮን ግን ሲግናል ስለማይለቅ መሣሪያው አይሰማውም። የቀይ መስቀል ምልክት ይጠብቃል ወይስ ያስመታል የሚለው እዚያ የየዕለት ክርክር ነው።

ይህ ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1914 ኤክስሬይ መኪና ላይ ጭና ወደ ፈረንሳይ ግንባር ስትወስድ የተንቀሳቃሽ ሕክምና ጥቅም ታይቶ ነበር። ምልክቱ እንደማያስጥል ደግሞ የታየው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች በደቡብ ግንባር ከራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ጋር የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል መልካ ዲዳ ላይ ደበደቡት። በርካታ ታማሚዎች ሞቱ፣ መሪው ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆሰለ። በየካቲት ደግሞ በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ኮረም አጠገብ ተመታ። ድንኳኖቹ ላይ ቀይ መስቀሉ ነበረ።

ቴሌሜዲሲንም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተከበበችው የሶሪያ ከተማ አሌፖ የነበሩ ሐኪሞች በካሜራና በሳተላይት ኢንተርኔት አሜሪካ ካሉ የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ጋር አብረው ይሠሩ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ኖትም ከለንደን ሆኖ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና በኢንተርኔት መርቷል። ሆስፒታሉ በኋላ በቦምብ ተመታ። ኖት ኮምፒውተሩ ተጠልፎ ቦታው ታውቆ ይሆን የሚል ሥጋቱን በአደባባይ ተናግሯል። ለዚህ ነው ፎቶ ሲላክ በውስጡ የተቀመጠው የቦታ መረጃ መጥፋት ያለበት።

በትግራይ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ችግሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2020 አጋማሽ እስከ ማርች 2021 መጀመሪያ ድረስ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ በመደበኛ ሁኔታ ይሠሩ የነበሩት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ዘግቧል። 70 በመቶ የሚጠጉት ተዘርፈዋል። ጦርነቱ ሲስፋፋ በአማራና በአፋር ክልሎችም ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ። ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቦታ ስለ ርቀት ሕክምና ማውራት አይቻልም። ያለው አማራጭ መኪናው ብቻ ነበር፤ እሱም መንገድ ሲፈቀድለት።

በዩክሬን የፈረሱ ጣቢያዎችን ለመተካት የዓለም ጤና ድርጅት ተገጣጣሚ ክሊኒኮችን እያቆመ ነው። ሆስፒታሎችም የቀዶ ክፍላቸውን ወደ ምድር ቤት እያወረዱ ነው። የመኪናዎቹ ወጪ ግን በአብዛኛው የተመሠረተው በአጫጭር የእርዳታ ፕሮጀክቶች ላይ ነው። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ በርካታ የጤና ፕሮግራሞች ቆሙ ወይም ቀነሱ። አንዳንድ አገልግሎቶችን፣ ለምሳሌ ቤት ለቤት የሚሄዱ የአእምሮ ጤና ቡድኖችን፣ ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ራሱ በውል ይከፍላቸዋል። የመንደር ክሊኒኮቹንም በዚሁ መንገድ ወደ መንግሥት በጀት ማስገባት ይቻላል። የግፊትና የስኳር ታማሚ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ስለሚፈልግ የስድስት ወር ፕሮጀክት አይበቃውም።