«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ግን ዘንዶውን ማን ሰራው?

ይችን ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው፣ ከየት መጣች ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ነገርየው ያው ቃል በቃል ነው፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ስር እጁን ሰዶ ዓሣ የሚፈልግ ሰው አንድ ቀን የሚይዘው ዓሣ ላይሆን ይችላል። መረብም መንጠቆም የሌለው ልጅ አምባዛ የሚይዘው እየጎረጎረ ነው፣ አምባዛ ደሞ ቅርፊት የለው፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እጅህ ሲነካው ከእባብ አትለየውም፤ ለኔ ተረቷ ከዚች ድንጋጤ የወጣች ነው የምትመስለኝ። ዛሬ የምንላት የተኛ ነገር ለሚቆሰቁስ ሰው ነው። የባሏን ስልክ ለምትበረብር፣ የጎረቤቱን የመሬት ፋይል አስወጣለሁ ብሎ የራሱን ጉድ ላስወጣ።

ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ተረቷ ስትነሳ አንድ የሐይቅ ልጅ (ዓሣ ከሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም) «እኛ ስንት ዘመን ጎረጎርን፣ ቆሮሶ እንጂ ዘንዶ አላየንም» አለ። አብሽር አልኩትና ስለ ሮክፊሽ ነገርኩት።

ሮክፊሽ የባህር ዓሣ ነው፣ ከ100 በላይ ዓይነት አለው፣ አብዛኛው ሰሜን ፓስፊክ ውስጥ ነው። ጥልቁ ውስጥ ከሚኖሩት አንዱ ራፍአይ የሚባለው ነው፣ አይኑ ስር እሾህ የተደረደረበት ቀይ ዓሣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 450 ሜትር ድረስ ታች ታገኘዋለህ። ቀይነቱ እዛ አይታይም፣ ቀይ ብርሃን እዛ ስለማይደርስ ጥቁር ሆኖ ነው የሚውለው።

አሁን ደሴ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ግጥም አርገህ ክደንና ኮምቦልቻ ውረድ፣ ጭምድድ ይላል አይደል? የአየር ግፊት ነው። ባህር ውስጥ ደሞ በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የአየር ግፊት ይጨመራል። ሮክፊሽ ሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው፣ መውጫ ቀዳዳ ግን የለውም፣ እንደኛ ማግሳት አይችልም። ከ90 ሜትር ብቻ ጎትተህ ብታወጣው እንኳ ያ አየር 10 እጥፍ ልሁን ይላል፣ አይኑ ይፈጣል፣ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። ያየው ሰው ዘንዶ ቢለው አይፈረድበትም፣ ዘንዶ ያረገው ግን ጎርጓሪው ራሱ ነው። ታች እያለ ሰላማዊ ዓሣ ነበር እኮ! ለዛ ነው አሁን አንዳንድ ዓሣ አጥማጆች ክብደት አስረው መልሰው ወደ ታች የሚያወርዱት፣ ግፊቱ ሲመለስ ከረጢቱ ይሟሽሽና ብዙዎቹ ይተርፋሉ።

እድሜውስ ብትል ራፍአይ እስከ 205 ዓመት ተቆጥሮለታል። የሚቆጠረው ጆሮው ውስጥ ባለች ጠጠር ነው፣ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ቀለበት አላት። 205 ዓመት ማለት አይጠየፍ አዳራሽ ሳይሰራ፣ ንጉሥ ሚካኤልም ሳይወለዱ የነበረ ዓሣ ማለት ነው።

የሐይቁ ልጅ እዚህ ድረስ ዝም ብሎ ሰማኝ። እንቁላል አይጥልም፣ የሚወልደው ልጅ ነው ስለው ግን «የሚወልድ ዓሣ? ወላሂ አበዛኸው» ብሎ ተነሳ፣ የቡናውንም ሂሳብ እኔ ላይ ጥሎት ሄደ።