የአካባቢ ፍትህ ምንድን ነው? ዓሣ አጥማጁ ከርእስ አልወጣም

በቀደም ሐዋሳ ውስጥ አንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ ነበርኩ። የውጭ አገር ሠዓሊዎች ሥራ ከእኛ ሥራ ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሏል። ርእሱ ማኅበራዊና የአካባቢ ፍትህ ነው። አንድ እንግዳ ማይክ ተቀብለው "የአካባቢ ፍትህ ማለት ጽዳትን መጠበቅና ችግኝ መትከል ነው" አሉ። ተጨበጨበ። ቀጥለው ወደ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሥዕል ዞሩና "ይኼኛው ግን ስለ ድህነት ነው፣ ከርእስ ወጥቷል" አሉ።

ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽዳት ጥሩ ነው። ችግኝም ጥሩ ነው፤ እኔም ተክያለሁ። ያ ግን አካባቢ ጥበቃ ነው። "ፍትህ" ሲጨመርበት ጥያቄው ሌላ ይሆናል። ጉዳቱ ማን ላይ ወደቀ? ጥቅሙ ማን ቤት ገባ? ሲወሰንስ ማን ተጠየቀ?

ቡና ሲፈላ አስቡት። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይሸታል። ጽዳቱን ብቻ ያየ ሰው ምንም አልጎደለም ይላል። እኔ የማየው ከሰሉን የምታራግበዋን ልጅ ነው። ጭሱ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። እንግዶቹ አቦሉን ጠጡ። እሷ ጋ የደረሰው በረካው ነው፣ ያውም ደረሳት ከተባለ። ሲኒውን የምታጥበውም እሷ ናት። ቄጠማውስ? እሱም ከሆነ ረግረግ ታጭዶ ነው የመጣው፤ እዚያ የሚኖር ሰው አለ። ለዚህች ልጅ ቤቱ ይበልጥ ቢጸዳላት ምን ይጠቅማታል?

"የአካባቢ ፍትህ" የሚለውን ቃል ያመጡት ሠዓሊዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ፒሲቢ በሚባል መርዛማ ኬሚካል የተበከለ አፈር ዋረን ካውንቲ እንዲቀበር ተወሰነ። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ጥቁር፣ አብዛኛውም ድሃ ነበር። ሰዎች መኪኖቹ ፊት አስፋልት ላይ ተኙ። ከ500 በላይ ታሰሩ። አፈሩ ግን ከመቀበር አልቀረም። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ጥናት ወጣ። አደገኛ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ከገቢ ይልቅ የነዋሪው ዘር ይበልጥ እንደሚያመለክት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1991 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ ተወካዮች 17 የአካባቢ ፍትህ መርሆች አጸደቁ። እነዚያ ሰዎች የተነሱት ስለ ልጆቻቸውና ስለሚጠጡት ውሃ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሐይቅ እንምጣ። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ይተናል፣ አብሮት የመጣው ቆሻሻ ግን ብዙው እዚያው ይቀራል። ጀበና እሳት ላይ ሲረሳ ውሃው አልቆ አተላው እንደሚቀረው ማለት ነው። ለመዝናናት የመጣ ሰው ጀምበር ስትጠልቅ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ መረብ የሚጥለው ሰው ግን ነገም ጠዋት እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ቢመናመን መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ታዲያ የእሱ ሥዕል እንዴት ከርእስ ወጣ? ሕገ መንግሥታችን እንኳ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ሲል፣ አንቀጽ 92 ላይ ደግሞ ጉዳዩ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይላል። ጽዳትና ጥያቄ አብረው ተቀምጠዋል።

የኢትዮጵያዊውን ሠዓሊ የኤልያስ ስሜን ሥራ የሚያዩ ሰዎችም "ሪሳይክል ነው" ብለው ያልፋሉ። ሰውዬው ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከመርካቶ እየገዛ ነው የሚሠራው። ዕቃውን ማን ተጠቀመበት? ማን ጣለው? ማንስ በእጁ ፈታታው? ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ ያሳዝናል።

እኛ ሠዓሊዎችም ከዚህ ውጭ አይደለንም። አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው። ብሩሽ ያጠብንበትን ውሃ ወደ ቱቦ ከደፋነው መሄጃው ይታወቃል። ካድሚየም ያለበት ቢጫና ቀይማ ጭራሽ መደፋት የለበትም። ብሩሹን በጨርቅ ጥረጉት፣ ያጠባችሁበትን ውሃ አስቀምጡና ቀለሙ ይዝቀጥ። ሥራችሁን ወደ ውጭ ስትልኩ ደግሞ ሸራው ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል።

ከውጭ ሠዓሊዎች ጋር ለምንሠራው የሚሰጠው "ልውውጥ" የሚለውም ቃል ልክ እንደዚሁ ይቀልላል። ቡና መጠራራት ዛሬ እኔ ቤት፣ ነገ አንቺ ቤት ነው። ርእሱን ሁሌ እነሱ መርጠው እኛ ሥዕል ብቻ ከላክን፣ ሁሌም እነሱ ቤት ነው የተጠጣው። ሥዕሉ ድንበር ተሻግሮ ሠዓሊው ቪዛ ሲከለከል አይቻለሁ። ይኼም የዚያው ፍትህ ጉዳይ ነው።

ከንግግሩ በኋላ የዓሣ አጥማጁን ሥዕል የሠራችውን ልጅ ጠየቅኳት። ሰውየው ፈቅዶ ነው የተሳለው። የተሰቀለውን ሥዕል ግን ገና አላየውም። ቅዳሜ መረቡን ከሰበሰበ በኋላ አብረን ሄደን እናመጣዋለን።