ኮድና ፖሎክ፦ የሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ዓሣዎች

ኮድና ፖሎክ የአንድ ቤተሰብ ዓሣዎች ናቸው። የሚኖሩት በሰሜን አትላንቲክና በሰሜን ፓስፊክ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያለ አበሻ ከሱፐርማርኬት ማቀዝቀዣ የሚያነሳው ነጭ የዓሣ ፊሌቶ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ስለ አኗኗራቸው ግን በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው በኖርዌይ የባሕር ምርምር ላይ ስለተመሠረተ የኖርዌዩ ኮድ ሰፊውን ቦታ ይዟል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገበያ ላይ ፖሎክ የሚባሉት ዓሣዎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። በብዛት የሚሸጠው የአላስካው ፖሎክ ነው። የዘር ጥናት እንዳሳየው ይህ ዓሣ የኮድ የቅርብ ዘመድ ነው። አሁን ሳይንሳዊ ስሙም ጋደስ በሚለው የኮድ ወገን ውስጥ ገብቷል። እዚህም ፖሎክ ሲባል እሱን ነው።

አካላቸው

የአትላንቲክ ኮድ ጀርባው ላይ ሦስት፣ ከሆዱ በስተኋላ ደግሞ ሁለት ክንፎች አሉት። በጎኑ ላይ ፈዛዛ መስመር ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ ይዘልቃል። የሐይቆቻችን አምባዛ በአፉ ዙሪያ ብዙ ጢም አለው፤ ኮድ ግን አገጩ ሥር አንዲት ብቻ ነች ያለችው። በእሷ የባሕሩን ወለል እየዳሰሰ ምግቡን ይፈልጋል። ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ እንደ ሄሪንግና ካፕሊን ያሉ ትናንሽ ዓሣዎች፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። የራሱን ዘር ትናንሽ ዓሣዎችም አይምርም።

በ1895 ማሳቹሴትስ አካባቢ የተያዘው ኮድ 96 ኪሎ ይመዝን እንደነበር ይነገራል። ዛሬ በመረብ የሚገባው አብዛኛው ጥቂት ኪሎ ነው።

ደሙ ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከሉ ፕሮቲኖች ስላሉ ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ በታች የወረደ ውኃ እንኳ አይገድለውም። ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ደግሞ ጥልቀቱን እንዲጠብቅ ይረዳዋል። ከጥልቅ ውኃ ባንዴ ከተጎተተ ግን አየሩ ተነፍቶ ከረጢቱ ሊፈነዳ ይችላል። በ2011 የኖርዌይ ተመራማሪዎች የመሩት ቡድን የኮድን ሙሉ የዘር መረጃ ሲያወጣ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። አብዛኞቹ ባለ አከርካሪ እንስሳት ሰውነታቸውን ከበሽታ የሚከላከሉበት አንድ ዋና ክፍል፣ ኤምኤችሲ ሁለት የሚባለው፣ ኮድ ውስጥ ጭራሽ የለም። እንዲያም ሆኖ ዓሣው ጤነኛ ነው። ጉድለቱን በሌሎች መከላከያዎች እንደሚያካክስ ይታመናል።

የሎፎተን ኮድ

በዓለም ትልቁ የኮድ ክምችት ያለው ኖርዌይና ሩሲያ በሚጋሩት የባረንትስ ባሕር ነው። ዓሣው ሲያድግ ዓመቱን አብዛኛውን እዚያ ይመገባል። ለመራባት ሲደርስ በክረምት ወደ ደቡብ ይወርዳል። ብዙው የሚያርፈው በሰሜን ኖርዌይ ባሉት ሎፎተን ደሴቶች አጠገብ ነው። ኖርዌጂያውያን ይህን ተጓዥ ኮድ ስክራይ ይሉታል። ከጥር እስከ ሚያዝያ ይጠብቁታል፣ ይይዙታል፣ እንጨት ላይ ሰቅለው በብርዱ ነፋስ ያደርቁታል። ደረቁ ዓሣ ከቫይኪንጎች ዘመን ጀምሮ ንግድ ነው። ዛሬም ጣሊያንና ናይጄሪያ ድረስ ይሄዳል።

ወንዱ የአየር ከረጢቱን በጡንቻው እየመታ ድምፅ ያወጣል። ሴቷን ይዞራታል፤ ከፈቀደችው ሆድ ለሆድ ይገናኛሉ። እሷም እንቁላሏን ባንዴ አትጨርስም፤ ለሳምንታት ደጋግማ ትለቃለች። አንዲት ትልቅ እናት በአንድ ወቅት ብዙ ሚሊዮን እንቁላል ትጥላለች።

ድሮ ሰው እንቁላሉ ወለል ላይ የሚቀር ይመስለው ነበር። በ1860ዎቹ የኖርዌዩ ተመራማሪ ጌኦርግ ኦሲያን ሳርስ ሎፎተን ላይ ውኃውን በቀጭን መረብ አጣርቶ እንቁላሎቹ እንደሚንሳፈፉ አሳየ። መጠናቸው 1.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የባሕር ጅረት ወደ ሰሜን እየወሰዳቸው በሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈለፈላሉ። የሚወጣው እጭ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስንቁ ጥቂት ቀን ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ ካላነስ የምትባለውን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት፣ በተለይ የእሷን ጨቅላዎች ማግኘት አለበት። ካላገኘ አለቀለት።

የዚህ ዓሣ ነገር ሁሉ የሚያጠነጥነው እዚህ ላይ ነው። ሌላው የኖርዌይ ተመራማሪ ዮሃን ዮርት በ1914 ባወጣው ጥናት የአንድ ዓመት ትውልድ ብዛት የሚወሰነው ገና በእጭነቱ ነው አለ። ከሚሊዮኑ ውስጥ ለአቅመ መራባት የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሐሳቡ ኋላ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም ከመቶ ዓመት በላይ የባሕር ሳይንስን መርቷል። ዮርት ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ በኖርዌይዋ የበርገን ከተማ ያለው የባሕር ምርምር ተቋም በ1900 ተጀምሮ እስካሁን ያለማቋረጥ ይለካል። እንዲህ በትዕግሥት የተያዘ መዝገብ በየትኛውም ባሕር በቀላሉ አይገኝም።

መዝገቡ የቆመው በጆሮ ድንጋይ ላይ ነው። ከዓሣው ጭንቅላት ውስጥ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ነጭ ድንጋይ ትወጣለች። ለሁለት ይሰብሯትና በማይክሮስኮፕ ያዩዋታል። የበጋውና የክረምቱ ቀለበት ተፈራርቆ ይታያል፤ ያ ተቆጥሮ ዕድሜው ይታወቃል። የኖርዌዩ ተመራማሪ ጉናር ሮለፍሰን በ1933 ከዚህ አልፎ ሄደ። ዓሣው መራባት ከጀመረ በኋላ ቀለበቶቹ እንደሚለወጡ አሳየ። ስለዚህ አንድ ስክራይ ስንት ዓመት እንደኖረ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተራባም ከድንጋዩ ይነበባል።

ከዚሁ ንባብ አንድ የሚያሳስብ ነገር ወጥቷል። ከ1930ዎቹ ወዲህ ስክራይ ለመራባት የሚደርስበት ዕድሜ በበርካታ ዓመታት ቀንሷል። ትልልቁ እየተመረጠ ስለተያዘ ነው የሚሉ አሉ፤ ምግብ ስለተትረፈረፈ ቶሎ አድጎ ነው የሚሉም አሉ። ይህ መጥፎ የሚሆነው ትልልቅ እናቶች እንደ ትናንሾቹ ስላልሆኑ ነው። በአይስላንድ የተደረጉ ጥናቶች ትልልቆቹ ተለቅ ያለ እንቁላል እንደሚጥሉና የመራቢያ ጊዜያቸውም እንደሚረዝም አሳይተዋል። ጊዜው ሲረዝም ከእጮቹ የተወሰኑት ከምግቡ ጋር የመገጣጠም ዕድላቸው ይሰፋል።

የባረንትስ ኮታ በ2013 1 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር። ለ2025 ወደ 340,000 ቶን ወርዷል። ኮታው የተቀነሰው ተመራማሪዎቹ ስላስጠነቀቁ ነው።

የኒውፋውንድላንድ ጥፋት

በካናዳ በኩል የሆነው ሌላ ነው። በ1968 ብቻ ከ800,000 ቶን በላይ ተያዘ። የውጭ አገር ትልልቅ መርከቦች ቀንና ሌሊት ይጎትቱ ነበር። ካናዳ በ1977 የ200 ማይል የባሕር ክልሏን ብታስከብርም የራሷ መርከቦች ቀጠሉበት። ሐምሌ 2 ቀን 1992 ዓሣ ማስገሩ ታገደ፤ 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ። ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ ማጥመድ መሆኑ አያከራክርም። ውኃው በዚያ ሰሞን በጣም መቀዝቀዙ፣ ካፕሊን መጥፋቱና አቆስጣዎች መብዛታቸው ምን ያህል እንዳባባሱት ግን እስካሁን ይጨቃጨቁበታል። ኮድ ሲጠፋ ሽሪምፕና ሸርጣን በዙ። ካናዳ በ2024 እገዳውን አንስታ 18,000 ቶን ፈቀደች። ገና አላገገመም ብለው የተቃወሙ ተመራማሪዎች አሉ።

ፖሎክ

ፖሎክ ከኮድ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ከወለሉ ከፍ ብሎ በመንጋ ይዋኛል። ክሪልና ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ይበላል። በ3 ወይም በ4 ዓመቱ መራባት ይጀምራል። በዓለም በየዓመቱ 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይያዛል። ከዚህ ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ የሚሆነው አላስካንና ሩሲያን ከሚለየው የቤሪንግ ባሕር የአሜሪካ ክፍል ነው። ክራብ መስሎ የሚሸጠው ሱሪሚም በብዛት የሚሠራው ከሱ ነው። የባሕር አንበሳና ባለ ፀጉሩ አቆስጣም የሚኖሩት በሱ ነው፤ ትልልቁ ፖሎክም ትናንሾቹን ይበላል።

የትውልዱ ዕድል እዚህም የሚወሰነው በሕፃንነት ነው። በረዶ ሲበዛ ቅባት የሞላባቸው ኮፔፖዶች ይበዛሉ፤ የዓመቱ ልጆች ወፍረው ክረምቱን ያልፋሉ። ከ2001 እስከ 2005 በረዶው ቶሎ በቀለጠባቸው ዓመታት ልጆቹ በበጋ ብዙ ነበሩ፤ ግን ከስተው ስለነበር ክረምቱ ጨረሳቸው።

በቤሪንግ ባሕር መሃል የማንም ያልሆነ ውኃ አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የብዙ አገር መርከቦች እዚያ ተሰብስበው በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ያወጡ ነበር። ወዲያው ተሟጠጠ፤ በ1993 ማጥመዱ ቆመ፤ በ1994 ስምምነት ተፈረመ። ዓሣው እስካሁን በቀድሞ ብዛቱ አልተመለሰም።